ሠላሳ አንደኛው ወረቀት

ሰኞ 2

ዝናቡ ከገባ ሳምንቱ ነው። ሳሎናችን ጥግ ላይ እያፈሰሰ ባልዲ ስናቀያይር ከረምን። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ግንበኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሁለት ቆርቆሮ ለወጠልን፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ «አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ የሰው ልጅ ነው እኮ ላይ ያለው» ትለኛለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሥነ ልቦና ሳስተምር ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ይህች እህቴ ግን እስከ ዛሬ የመሰላል አያያዝ ታስተምረኛለች።

ከሰዓት በኋላ ዲኑ አስጠራኝ። ሁለት ጉዳይ ነበረው። አንደኛው ደስ የሚል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ስለ ጥላ አንድ መጽሐፍ ያወጣል፣ እያንዳንዱ ክፍል በየሙያው አንድ ምዕራፍ ይጽፋል። የሥነ ልቦናው የኔ ነው። በሚቀጥለው ወር አስረክባለሁ።

ሁለተኛው ደስ አይልም። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሐርን ከሳዋለች። የጥናቷን ውጤት ስሟን ሳይጠራ በጉባኤ ላይ እንደ ራሱ አቅርቦታል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ሐር የምለው አብሮኝ የሚያስተምረውን ሰው ነው፤ አነጋገሩ ስለሚለሰልስ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ያወጣሁለት ስም ነው። ሲስቅ ሁሉም ይስቅለታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥላው ይከብደኛል።


ማክሰኞ 3

ምዕራፉን ጀመርኩ። ለማንም አንባቢ እንዲገባ በቀላሉ ጻፍኩት፦ ሰው ስለ ራሱ ማየት የማይፈልገውን ነገር ከጀርባው ያኖረዋል። ጀርባ ደግሞ ዓይን የለውም። ስለዚህ ያንኑ ነገር ፊት ለፊቱ ባለ ሰው ላይ ያገኘዋል፣ ይጠላዋልም። በኛ ሙያ ጥላ የምንለው ይህንን ነው።

የምዕራፉ እምብርት የሁለቱ ፖስታ ዘዴ ነው። በአንደኛው ወረቀት ላይ ሰውዬው በጣም ስለሚያስጠላው ሰው ጠባይ ይጽፋል። በሁለተኛው ላይ የቅርብ ዘመዱ ስለ እሱ ስለ ራሱ ሳይደብቅ ይጽፋል፣ ፖስታውን ዘግቶ ይሰጣል። ሁለቱ ከገጠሙ ጥላው ተያዘ ማለት ነው። ዘዴው የመጣልኝ የዛሬ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ውስጥ ነው። መስኮቱ ጭጋግ ለብሶ ነበር፣ በጣቴ ስጠርገው የራሴን ፊት አየሁና ብልጭ አለልኝ። የዚያን ጊዜ ረዳቴ የነበረችው ልጅም ብዙ ደክማለች። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ፣ ስሟን አስገብቻለሁ።

አሁን በሠላሳ አዲስ ሰዎች እንደገና እንሞክረዋለን።


ዓርብ 6

ፎርም የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይሙላው የሚል ሕግ አለኝ። አንደኛውን ወረቀት በአሥር ደቂቃ ሞላሁት። የማንንም ስም አልጻፍኩም። «የሌላው ሰው ሥራ ላይ ቆሞ ረጅም የሚመስል፣ ሲነኩት ደግሞ የሚስቅ» ብዬ ጀመርኩ። እጄ አልቆመም።

ሁለተኛውን ለእትዬ ሰጠኋት። እትዬ ዓርባ ዓመት የሴት ቀሚስ የሰፋች ናት፤ ዛሬም ሰው ቤት ስትገባ የመጋረጃውን ጠርዝ ገልብጣ ሳታይ አትቀመጥም። «ልብስ የሚታወቀው በግልባጩ ነው» ትላለች።

«ሁሉንም ልጻፍ?» አለችኝ።

«ሁሉንም። እኔ አላየውም፣ ለሙከራ ነው።»

«ካላየኸው ምን ያደርጋል?»

ስለ ጥናት አሠራር ላስረዳት ሞከርኩ። እሺ ብላ መነጽሯን አደረገችና ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ጻፈች። ሙጫ ስለማታምን ፖስታውን በክር ሰፋችው። ሳቅሁባት። ማታውኑ ቢሮ ወስጄ ለፀሐፊያችን ሰጠኋት። ይሄ የሙከራ ስለሆነ ለብቻው አስቀምጪው ማለት ነበረብኝ፣ ግን ስልክ ላይ ነበረች። ነገ እነግራታለሁ።


ማክሰኞ 10

ኮሚቴ። ተማሪዋ ተናገረች። መሀል ላይ ድምጿ ተቆረጠ፣ ውሃ ሰጠናት። «ጉባኤው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ሳጨበጭብ ነበር» አለች። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ደማቸው ፈላ። እኔ አልተናደድኩም፤ እኔ አልናደድም። ብቻ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?


ሐሙስ 12

የመጽሐፉ ጸሐፊዎች ተሰበሰብን። ከጠበቅኩት በላይ ደስ የሚል ነበር።

ቀያሹ የሕንፃን ቁመት በጥላው ስለመለካት ይጽፋል። አንድ ሜትር ዱላ ታቆማለህ፣ የዱላውን ጥላና የሕንፃውን ጥላ ታስተያያለህ። «ዋናው ነገር ሁለቱን በአንድ ሰዓት መለካት ነው» አለ። «ዱላውን በቀትር፣ ሕንፃውን አመሻሹ ላይ ከለካህ ጎጆው ፎቅ ይሆንብሃል።»

የራጅ ሐኪሙ ደግሞ አሳቀን። ጀማሪ ሳለ ፊልሙ ላይ ሳንባ ውስጥ የተቀመጠ ጥላ አየ። በሽተኛውን አስደነገጠ፣ እንደገና አስነሳው፣ ሁለተኛው ፊልም ንጹሕ ሆነ። «ለካ የራሴ ጣት አሻራ ነው። ፊልሙን ሳወጣ ነክቼዋለሁ። በሽታው የኔ እጅ ነበር።» ይህንን ምዕራፌ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ላስተማሪነቱ።

ቀያሹ ስወጣ ተከተለኝና የሁለቱን ፖስታ ነገር ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። የቢሮዬን ደረጃ እየወጣሁ ሳለ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ልሰበስብ ስቆም እንደመጣልኝ ነገርኩት። ተገረመ።


ሰኞ 16

ዛሬ የሐር ተራ ነበር። በወረቀት የተሞላ ቦርሳ ይዞ የሚመጣ መስሎኝ ጥያቄዎቼን ሌሊቱን ሳዘጋጅ አደርኩ። ባዶ እጁን መጣ። ተቀመጠ።

«የእሷ ነው» አለ። «ስሟን መጥራት ነበረብኝ፣ አልጠራሁም።»

«ለምን?» አልኩት።

«ጭብጨባው ጣፈጠኝ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ተያዩ፤ አንዷ ፈገግ ልትል ነበር። እኔ ግን አልተታለልኩም። ማመኑም ብልጠት ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ተራ ማርፈድ በአንድ ቃል አውጥቶ አይጥልም። ሊከብደው ይገባ ነበር።

ስንወጣ ዝናብ ነበር። ዣንጥላው ሥር አስገባኝ። «ምዕራፉ ገፋልህ ወይ?» አለኝ እንደ ምንም። ዝናቡ ትከሻዬን እያረጠበኝ በዣንጥላው ጠርዝ ሄድኩ።


እሑድ 22

ቀያሹና ባለቤቱ ምሳ እኛ ዘንድ ነበሩ። ዝናቡ ሲወርድ ባለቤቱ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። «አይዞሽ፣ ጣሪያውን ከጠገንኩት ወዲህ ጠብ አይልም» አልኳት። እትዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። የሆነ ነገር ጎድሎ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ምንም አለች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን እያጠበች «ያቺ ረዳትህ የት ደረሰች?» አለችኝ።

«ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች አሉ።»

«ጎበዝ ነበረች። የፖስታውን ነገር ይዛ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በኔ መቀስ ስትቆርጥ ትዝ ይለኛል። አንተ ‹ይሄ ነገር አይሠራም› ስትላት ነበር።»

እትዬ ሰባን አልፋለች፣ ነገር ይደባለቅባታል። አልተከራከርኳትም። ምስጋናው ላይ ስሟ አለ፣ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል።


ማክሰኞ 24

ሁለተኛዎቹ ወረቀቶች ተዘጋጅተው መጡ። ፀሐፊያችን ጠንቃቃ ናት። ሁሉንም በማሽን ጽፋ፣ ማንነት የሚያስታውቅ ነገር እየሰረዘች፣ ቁጥር ሰጥታቸዋለች። ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦ ከአንድ እስከ አምስት ውጤት ይሰጣል፦ ይህ ሰው ጉድለቱን ምን ያህል ያያል? ከፈረሙ በኋላ ውጤት አይቀየርም፤ ይህም የኔ ሕግ ነው። ሁለተኛው አንባቢ በክፍሉ ተራ መሠረት ሐር ሆኗል። ከክሱ በፊት የወጣ ተራ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ወረቀቶቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሠላሳ መስሎኝ ነበር። ድሮም ቆጠራ አይሆንልኝም።

አብዛኛው የታወቀ ነገር ነው፦ ቁጡ ነው፣ ስስታም ናት፣ አይሰማም። የመጨረሻው ግን ከወንበሬ ቀጥ አደረገኝ። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

«ደግ ነው። የታመመ ሰው ቢኖር አጠገቡ ይቀመጣል። ግን ሌላው የሠራውን እሱ የሠራው ይመስለዋል። አይዋሽም፣ ያምነዋል፤ የሚያሳዝነኝም ይሄው ነው። ሲያምር እኔ፣ ሲበላሽ እናንተ ይላል። ሰው ሲያርመው አይቆጣም፤ ሌላው እንደ ተሳሳተ አድርጎ በትዕግሥት ይሰማዋል። ከላይ ያየው ሰው ስፌቱን ይወድለታል። ገልብጦ ያየሁት እኔ ነኝ። ግልባጩ ላይ የሌላ ሰው ክር አለ።»

ጸሐፊው ወይ ልብስ ሰፊ ነው ወይ የልብስ ሰፊ ዘመድ። እንዴት ያለ ዓይን ነው! ሰውዬውን የማውቀው መሰለኝ። ይህን የመሰለ ሰው በየቢሮው አንድ አይጠፋም፣ በኛም አልጠፋም። አንድ ሰጠሁት፣ ከሁሉ ዝቅተኛውን። በጠርዙ ላይ «ይህ ሰው በሌላ ሰው ላይ እንዲፈርድ ባይደረግ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።


ዓርብ 27

የውሳኔ ረቂቅ። ሁለቱ አባላት ቀላል ይሁን ይላሉ፦ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ ጉባኤው ፊት ቀርቦ ስሟን ይጥራ። እኔ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ከማስተማር ይታገድ አልኩ፤ ከታገደ ደግሞ ተመልሶ እንደማይቀጠር ሁላችንም እናውቃለን። አንዷ አባል «ባለቤቱ ሥራ የላትም፣ ሦስት ልጅ አለው» አለች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አልኩ፣ ሐር የሚያስተምረውን የሥነ ምግባር ትምህርት እያነሳሁ። ማንም አልሳቀም።

ማክሰኞ ይፈረማል። የሰብሳቢው ድምፅ ያመዝናል።


ሰኞ 30

ውጤት ለማስተያየት ከሐር ጋር በፀሐፊያችን ጠረጴዛ ተቀመጥን። ሠላሳው ላይ ተቀራረብን። ሠላሳ አንደኛው ላይ እኔ አንድ፣ እሱ ሦስት።

«ሦስት ለምን?» አልኩት።

«እንዲህ የሚጽፍለት ዘመድ ያለው ሰው ተስፋ አለው ብዬ ነው» አለ። ጠርዙ ላይ የጻፈውን አሳየኝ፦ «ከልቡ የሚወደው ሰው የጻፈው ነው። ቢያነበው ይጠቅመዋል።» ከዚያ የኔን ጠርዝ አነበበ።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲኖር ዋናውን ወረቀት እናያለን። «የቱ ነበር ሠላሳ አንደኛው?» አልኳት ፀሐፊያችንን።

«ያ በክር የተሰፋው ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ እራስዎ ያመጡልኝ። መቀስ ፈልጌ እስክፈታው ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ።»

ክው አልኩ።

ሐር ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «እኔ ክፍል አለኝ» ብሎ ወጣ። ክፍል አልነበረውም፤ የሰኞን ፕሮግራም አውቃለሁ።


ማክሰኞ 1

ዋናው እጄ ላይ ነው። የእትዬ ጠማማ ፊደል፣ አራት ገጽ። ፀሐፊያችን የሰረዘችው ሁሉ አለበት። መጨረሻው ላይ «ይህንን የምጽፈው እንደማያየው አውቄ ነው። ቢያየው ግን ይሻለው ነበር። አሁንም ልጄ ነው» ይላል።

ውጤቱን ልቀይረው አሰብኩ። ከፈረሙ በኋላ አይቀየርም። አንድ።

አራት ሰዓት ላይ ዲኑ ዘንድ ገባሁ። ከሰብሳቢነት እወርዳለሁ አልኩት።

«በመፈረሚያው ቀን? ምክንያት?»

«በምፈርድበት ነገር እኔም ሳልጠየቅ አልቀርም።»

«ሳልጠየቅ አልቀርም ነው ወይስ ተጠይቄያለሁ?»

«ገና አልተጠየቅኩም» አልኩት። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ተቀበለኝ።

ከሰዓት ሁለቱ አባላት ተስማምተው ፈረሙ። ማስጠንቀቂያ፣ ጉባኤው ፊት ስሟን መጥራት፣ ጽሑፉን በስሟ ማረም። ተማሪዋ ኮሪደር ላይ ስታልፍ አየኋት። ቀና ብላ ነው የምትሄደው። ለካ የፈለገችው ይህንን ነበር፤ እኔ የእሱን መውደቅ የፈለገች መስሎኝ ነበር።


ሐሙስ 3

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ፖስታውን አየችው።

«አነበብከው?»

«አነበብኩት።»

«ታዲያ ምሳ ልስጥህ?»

«ስጪኝ።»

በላን። ስታነሳ ትከሻዬን ጫን አድርጋ አለፈች። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። አፍሬ ነበር፣ ግን በላሁ።


ሰኞ 7

ሄድኩ። የድሮ ረዳቴ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በሁለት አውቶቡስ ነው። የእረፍት ሰዓት ላይ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ስትጠርግ አገኘኋት። ሰባት ዓመት። ፀጉሯ ሽበት ጀምሯል። ስታየኝ ጠመኔው ያለበትን እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከዚያ ሳትዘረጋልኝ ተወችው።

ስለ መጽሐፉ ነገርኳት። ስሟን ከስሜ ጋር አስገባለሁ አልኳት። እንደምትደሰት ገምቼ ነበር መሰለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «የፖስታውን ዘዴ ባቀረቡበት ስብሰባ ላይ ‹አንድ ሐሳብ መጣልኝ› ብለው ጀመሩ። የነገርኩዎት ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሜ ነው። እያወሩ አዩኝና ፈገግ አሉልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።» ሰሌዳው ላይ የቀረች አንዲት ፊደል ጠረገች። «እያወቁ ነው ወይስ ሳያውቁት?»

«ሳላውቅ ነው» አልኳት። ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ወዲያው ነው የወጣው።

«እሺ» አለች። ደወል ተደወለ።

ይህን የምጽፈው ከእራት በኋላ ነው። አውቶቡስ ላይ መልሴ ልክ መሰለኝ፤ ቅር ያለኝ «እሺ» ያለችበት አነጋገር ብቻ ነው። ደግሞስ ጥላ ማለት እኮ ይኸው ነው፣ ሰውየው አያውቀውም፤ ምዕራፌ ሙሉ በሙሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ለዚህ ማስረጃ ልፈልግ ብዬ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ።

ማክሰኞ 3 ላይ አውቶቡስ ውስጥ መጣልኝ ብያለሁ። ጭጋጉን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ሐሙስ 12 ላይ ደረጃ ላይ መጣልኝ ብያለሁ። ሦስተኛው ፎቅ። አንድ ሐሳብ ሁለት ቦታ አይመጣም። አንዱን ቦታ ለራሴ ሠርቻለሁ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሠራሁትን ረስቼ ሌላ ሠራሁ። የሚያምን ሰው ታሪኩን አይቀያይርም።

መብራቱ ሥር ተቀምጬ የተጻፈውን ሳይሆን የሆነውን ለማሰብ ሞከርኩ። ብዙ አልፈጀብኝም፣ ይኸው ነው የሚያሳፍረኝ። ይሄው ጠረጴዛ ነው። ጥቁሩ የእትዬ መቀስ ነው። ልጅቷ ቡናማ ወረቀት እየቆረጠች «አንዱ ስለ ሰው፣ አንዱ ስለ ራስ፣ ሁለቱም ተዘግተው» ትላለች። እኔ «አይሠራም» እላለሁ። እንደሚሠራ ወዲያውኑ ገብቶኝ ነበር። አይሠራም ያልኩት ለዚያ ነው።


ረቡዕ 9

ዛሬ ደግሜ ሄድኩ። በሩ ላይ ጠበቅኋት።

«እያወቅኩ ነው» አልኳት።

ደብተሮቿን እንዳቀፈች ቆመች። የምትቆጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ዓይኗ ሞላ፣ ግን አልወረደም።

«እንግዲያው አላበድኩም ማለት ነው» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ምናልባት እሳቸው ቀድመው አስበውት ይሆናል፣ ምናልባት እኔ ነኝ ከሳቸው ሰምቼ የኔ ያልኩት እያልኩ። ሥራውን የተውኩት ለዚያ ነው። የራሴን ሐሳብ ማመን አቃተኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ አጭሩን አልኩ።

«መጽሐፉ ላይ የኔን ስም ብቻውን ያድርጉት» አለች። «ምስጋናው ላይ እርስዎ ይግቡ።»

«እሺ» አልኩ።

ማታ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። የሽፋኑ ገጽ ላይ የእሷን ስም አስቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ለምስጋና ስድስት መስመር ተውኩና በሁለት መስመር ጨረስኩት፤ ምን እንዳደረግኩና መቼ እንዳደረግኩት ይላል። የሠላሳ አንደኛውን ወረቀት ውጤትም አስገብቼዋለሁ፣ ከነጠርዙ ጽሑፍ። ነገ ለሐር አሳየዋለሁ፣ ሁለተኛ አንባቢ እሱ ነው።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ጎረቤት ያለች ሴትዮ ዱቄት ልትበደር መጥታ ጥጉን እያየች «እናንተ ዘንድ ማፍሰሱን ተወ እንዴ?» አለች። እትዬ ወደኔ ዞረች።

«ግንበኛው ነው የሠራው» አልኩ። «እኔ መሰላል ይዤ ነበር።»